«ወላጅ መቼ ነው የሚመለሰው?» ከጅማ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው፦

«ጅማ ውስጥ የልጆች መጫወቻ ያለው ኬክ ቤት አለኝ። ኮሮና ሲገባ ዘጋሁ። ተፈቅዷል ተብሎ ስከፍት ሁለት ወር ሙሉ ዝንብ እሽ እያልኩ ተቀመጥኩ። በዓመቱ ግን ሆስፒታል ሞላ በተባለበት ሰሞን የእኔም ቤት ጢም አለ። ኅዳር 2018 ላይ ደግሞ ጂንካ ውስጥ ማርበርግ ተገኘ ሲባል፣ ልደት ያስያዙ ሦስት ወላጆች ቀብዳችን ይመለስልን አሉኝ። ጂንካ የት፣ ጅማ የት! ሰው የሚፈራው ምኑን ነው? ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ መቼ ልዝጋ? መቼ ልክፈት? ወላጅ እንዲያምነኝስ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ እንኳን ጠየቁ። የእኔ ሥራ ሰው ስለ በሽታ ምን እንደሚያስብ፣ የሚያውቀውንም ለምን እንደማያደርገው ማጥናት ነው። የምኖረው እዚሁ ጅማ ነው። እርስዎ ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ ሆነው ያዩትን እኔ ከመንገድ ዳር ሆኜ አይቼዋለሁ። ምላሼ ትንሽ ይረዝማል። ቡና አስቀድተው ቢያነቡት ጥሩ ነው።

በቅድሚያ ይህን ልበልዎ። ሰው የጠፋው ኬክዎ ስላልጣመ ወይም ቤትዎ ስላልጸዳ አይደለም። የሰው ፍርሃት ከበሽታው ጋር እኩል አይወጣም፤ እኩልም አይወርድም። የእርስዎ ቤት ያሳየዎት ይህንን ነው።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። አንድ ሰው ነበር፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቢሆንም በዚያ ሰሞን እዚህም ሰው በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በፌጦ ላይ ተረባረበ። ሳኒታይዘር ያገኘ ሰው እንደ ሽቶ ኪሱ ውስጥ ደብቆ ይይዝ ነበር። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። መጨባበጥም ተከለከለ። የተሳፋሪ ቁጥር በግማሽ ተቀነሰ፤ ታሪፉ ጨመረ። ሮመዳን ቤት ውስጥ አለፈ። ግንቦት 16 የዋለው ዒድ አልፈጥር እንኳን በየቤቱ ነበር የተሰገደው።

አዋጁ የወጣ ዕለት በመላ አገሪቱ በሽታው የተገኘባቸው ሰዎች ስንት ነበሩ? ከ60 አይበልጡም።

አዋጁ አምስት ወር ቆይቶ 2012 ሊያልቅ ሲል አበቃ። ያኔ ቁጥሩ ከ50 ሺህ አልፎ ነበር። በዚያው ሰሞን፣ ጳጉሜ 5፣ አዲስ አበባ ላይ ሸገር ፓርክ ተመረቀ። መስከረም 30 እንጦጦ ፓርክ ተከተለ። በ60 ሰው ቤቱን የዘጋ አገር በ50 ሺህ ሰው መናፈሻ ሊዝናና ወጣ ማለት ነው። ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ሰማዩ ክፍት የሆነ መናፈሻ ከተዘጋ አዳራሽ እጅግ ይሻላል። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ከዚያ ደግሞ የ2013 መጋቢትና ሚያዝያ መጣ። በቀን ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ አዲስ ታማሚ ይመዘገብ ነበር። የጽኑ ሕሙማን አልጋና ኦክስጅን የጠፋበት ጊዜ ነው። ክትባቱም በአገራችን መሰጠት የጀመረው ያኔ ነው፤ መጋቢት 4 ቀን 2013፣ ልክ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ በዓመቱ። የእርስዎ ቤት ጢም ያለው በዚህ ጊዜ ነው። ካፌው ሁሉ ሞልቶ ነበር። ማስክ አገጭ ላይ ወርዶ ነበር።

ለምን እንዲህ ይሆናል?

አባቶቻችን «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይላሉ። የፍርሃት ጠባይ በዚህች አባባል ውስጥ አለ። ሰውን የሚያስደነግጠው አዲስ ነገር ነው። ስሙን ሰምቶት የማያውቀው፣ ማንን እንደሚይዝ ያልገባው፣ መድኃኒት የለውም የተባለው። የታማሚው ብዛት ሁለተኛ ነው። በሁለተኛው ወር ስሙ ተለመደ። ስልክ ስንደውል ከመጥሪያው በፊት ይሰማ የነበረውን ማስጠንቀቂያ ያስታውሱታል? መጀመሪያ ቆመን ሰማነው። በኋላ እስኪያልቅ ድረስ ስልኩን ከጆሯችን አራቅነው።

ሌላው ከራስ ተሞክሮ የሚገኝ የተሳሳተ ትምህርት ነው። አንዲት እናት ፈራ ተባ እያለች ልጇን ይዛ ወጣች እንበል። ተጫወተ፣ ኬክ በላ፣ ተመለሰ። ምንም አልሆነም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፍርሃቷ በግማሽ ቀነሰ። በአራተኛው ጠፋ። በመሃል ግን በሽታው በከተማው ውስጥ አሥር እጥፍ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። እሷ የምትቆጥረው በሰላም የተመለሰችባቸውን ቅዳሜዎች ነው። ሁላችንም እንዲህ ነን። ይህ ስንፍና ወይም ድንቁርና አይደለም።

የእንጀራውም ነገር አለ። የቀን ሥራ ሠርቶ የሚበላ ሰው፣ ባጃጅ የሚነዳ ሰው፣ ሂርማታ ገበያ ላይ ጎመን የምትሸጥ እናት ቤት ተቀመጡ ሲባሉ ከሳምንት በላይ ሊቀመጡ አይችሉም። እነሱ ሲወጡ ያየ ደግሞ «እነሱ ምን ሆኑ?» ብሎ ይወጣል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። ብዙ ሰው «ሕዝቡ አያውቅም፣ ይማር» ይላል። እኔም ሥራውን ስጀምር እንደዚያ ነበር የማስበው። መጋቢት 2012፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ በሁለተኛው ሳምንት፣ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የመጡ 247 ሰዎች ስለ በሽታው ተጠይቀው ነበር። አብዛኞቹ ምልክቱንም መተላለፊያውንም ያውቁ ነበር። 77 ከመቶ ያህሉ እጃችንን ቶሎ ቶሎ እንታጠባለን አሉ። መጨባበጥ ትተናል ያሉት ግን 54 ከመቶ ገደማ ብቻ ናቸው።

ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሁለቱም ነጻ ነው። እንዲያውም እጅ አለመጨበጥ ውሃም ሳሙናም አይጠይቅም። ታዲያ ለምን ከበደ? ውሃ አይቀየምም፤ ሰው ግን ይቀየማል። እጅ ስታጠብ ጉዳዩ በእኔና በጀሪካኑ መካከል ነው። የተዘረጋ እጅ ሳልጨብጥ ሳልፍ ግን ጉዳዩ በእኔና በአጎቴ መካከል ነው። በእኛ አገር ጥንቃቄን የሚጥለው አለማወቅ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ለቅሶ ቤት ያልሄደ ሰው እድርተኛው ምን ይለዋል? ቡና ተጠርታ የቀረች ጎረቤት ምን ትባላለች? ሰው በሽታውን ይፈራል። ከበሽታው ይልቅ ግን የሰው ዓይን ያስፈራዋል።

የእርስዎን ቤት በዚህ ዓይን ይዩት። ልጇ ለጓደኛው ልደት የተጠራ እናት አለች። ልቧ አልፈለገም። ግን ብትቀር የልደቱ ልጅ እናት ትቀየማለች። ስለዚህ ትመጣለች፤ ተሳቃ ትቀመጣለች። አጠገቧ የሚያስለው የሌላ ሰው ልጅ ይጫወታል። «ልጅሽን ውሰጂው» ማለት አትችልም። የዚያኛውም እናት ልጁ እንዳተኮሰው ታውቃለች። ግን ቀብድ ከፍላለች፣ እንግዳ ጠርታለች። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። እነዚህ ወላጆች ከእርስዎ የሚፈልጉት በረኪና የሸተተ ወለል ብቻ አይደለም። እነሱ መናገር ያቃታቸውን እርስዎ እንዲናገሩላቸው ይፈልጋሉ። «የቤቱ ሕግ ነው» ሲሉ ይሉኝታውን ከሁለቱም እናቶች ላይ አነሱላቸው ማለት ነው። የምመክርዎት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ይህን የዓለም ትልልቅ መጫወቻዎች በገንዘባቸው ከፍለው ተምረውታል። የሻንጋዩ ዲዝኒላንድ በጥር 2012 ተዘግቶ ግንቦት 3 ተከፈተ። በቀን 80 ሺህ ሰው ማስተናገድ የሚችል ነው። ባለሥልጣናቱ የፈቀዱለት ሲሶውን እንኳን አይሞላም፤ 24 ሺህ ገደማ ነበር። ባለቤቶቹ ግን ከተፈቀደላቸውም አሳንሰው ጀመሩ። የመጀመሪያው ቀን ቲኬት ወዲያው አለቀ። ሰው የገዛው መጫወቻውን ብቻ ይመስልዎታል? ቦታ የመኖሩንም ዋስትና ነው የገዛው።

ጃፓኖች የመጫወቻ ማኅበራት ባወጡት መመሪያ በባቡር መወንጨፊያው ላይ መጮህ ይቅር አሉ። ጩኸት ትንፋሽ ያወጣልና። አንድ መጫወቻ ሁለት ኃላፊዎቹን ማስክና ከረቫት አስሮ፣ በከፍተኛው መወንጨፊያ ላይ አስቀምጦ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ሲወርዱ ቀርጾ አሳየ። መጨረሻው ላይ «እባክዎ በልብዎ ውስጥ ይጩኹ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እኔ ይህን በጣም እወደዋለሁ። ሕጉን መጀመሪያ የፈጸሙት አለቆቹ ናቸው። ጎረቤቱን «አትጩህ» ማለት ያለበት ደንበኛ አልነበረም። ቤቱ ራሱ ብሎታል።

የፍሎሪዳው ዲዝኒ ሐምሌ 4 ቀን 2012 ሲከፈት ማስክ ግዴታ ነበር። ለሚበላና ለሚጠጣ ግን ማውለቅ ተፈቀደ። ሰዉ ምን አደረገ? መጠጡን በእጁ ይዞ ቀኑን ሙሉ ያለ ማስክ ዞረ። በቀናት ውስጥ ሕጉ ተስተካከለ፤ መብላትና መጠጣት ቆሞ ወይም ተቀምጦ ብቻ ነው ተባለ። እኛም ዘንድ የማኪያቶ ብርጭቆ ይዞ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ነበር። ቀዳዳ ያለው ሕግ ከሌለ ሕግ ይከፋል። አክባሪውን ሞኝ ያስመስለዋልና። እዚያው ፍሎሪዳ ዋናው መጫወቻ በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ወደ 21 ሚሊዮን ጎብኝ ነበረው። በ2020 ወደ 7 ሚሊዮን ወረደ። አራት ወር ያህል ተዘግቶ ነበር፤ መቀነሱ ግን የአራት ወር ብቻ አይደለም። በሩ ተከፍቶም ብዙ ሰው ቤቱ ቀረ። የካሊፎርኒያው ደግሞ ከ400 ቀናት በላይ ተዘግቶ ሚያዝያ 22 ቀን 2013 ሲከፈት፣ በሩብ አቅሙ፣ ለግዛቱ ነዋሪዎች ብቻ ነበር።

«ተፈቅዷል ተብሎ ስከፍት ሰው አልመጣም» ላሉት አንድ ጥናት ልንገርዎ። ኦስታን ጉልስቢና ቻድ ሲቨርሰን የተባሉ ሁለት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ምሁራን በስልክ እንቅስቃሴ መረጃ የአሜሪካን ሱቆች ተከታተሉ። ወደ ሱቅ የሚሄደው ሰው በ60 ከመቶ ወርዶ ነበር። ከዚህ ውስጥ በመንግሥት ትእዛዝ ምክንያት የቀነሰው 7 ብቻ ነው። የቀረው ሰው ራሱ ፈርቶ የቀረ ነው። ትእዛዝ ሲነሳም እንዲሁ ነው። ትእዛዙ በሩን ይከፍታል እንጂ ሰውን አያመጣም። እነዚሁ ሰዎች ሌላም ነገር አይተዋል። ከቤት የወጣው ሸማች ትልቁንና ግርግር የበዛበትን ሱቅ ትቶ ሰው ወደማይበዛበት ሄዷል። እህቴ፣ ይህ ለእርስዎ ትልቅ የምሥራች ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ትንሽ ቤት ከትልቅ ቤት የተሻለ ዕድል አለው።

አሁን ወደ ማርበርግ። ወላጆቹ ቀብድ መልሱልን ሲሉ አይናደዱባቸው። ስሙ አዲስ ነው። ከሚይዛቸው ሰዎች በአማካይ ግማሽ ያህሉን የሚገድል በሽታ ነው። መፍራታቸው ትክክል ነው። የሳቱት የሚፈሩበትን ቦታ ነው። ማርበርግ እንደ ኮሮና በትንፋሽ ከክፍል ክፍል አይዞርም። የሚተላለፈው ምልክት ከታየበት ሰው ወይም ከአስከሬን ደም፣ ትውከትና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ጋር በመነካካት ነው። ስለዚህ አደጋው ያለው አስታማሚ ላይ፣ ጤና ባለሙያ ላይ፣ አስከሬን የሚያጥብና የሚገንዝ ሰው ላይ ነው። ምልክቱ ከ2 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል። ከታማሚ ጋር ያልተነካካ የጅማ ልጅ ዥዋዥዌ ላይ ማርበርግ አይዘውም። ያን ሳምንት ይህችን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፈው በር ላይ ቢለጥፉ ኖሮ ከሦስቱ ወላጆች አንዷ ቀብዷን ማስመለሱን ትተወው ነበር ብዬ አስባለሁ። ሦስቱም ይተዉት ነበር ግን አልልም።

እንግዲህ «ጥንቃቄ» የሚባል አንድ ወጥ ነገር የለም። በሽታው እንዴት እንደሚዞር ነው ጥንቃቄውን የሚወስነው። በኮሮና መጀመሪያ ወራት ሁላችንም በእጅና በዕቃ ላይ ተጠመድን። በየበሩ ሮቶና ሳሙና ተደረደረ። ብርና ሳንቲም አልኮል ተረጨ። በኋላ ግን በሽታው በዋናነት በአየር፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ እንደሚዞር ግልጽ ሆነ። ቻይና ውስጥ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው የተያዘባቸው 318 አጋጣሚዎች ሲጠኑ፣ ሁሉም የተፈጠሩት በተዘጋ ቦታ ውስጥ ነበር። ከቤት ውጭ የተገኘው አንድ አጋጣሚ ብቻ ሲሆን የተያዙትም ሁለት ሰዎች ናቸው። ዕቃ ነክቶ የመያዝ ዕድል ደግሞ በጣም ትንሽ ሆኖ ተገኘ። እጅ መታጠብ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ለኮሌራ፣ ለተቅማጥ፣ ለአሜባ፣ ለልጆች ጤና በሙሉ ከሱ የሚበልጥ የለም። ግን መስኮት ዘግቶ ወለል በበረኪና ማሸት ለአየር ወለድ በሽታ ምንም አይፈይድም።

ስለ ጅማ አንድ ነገር ልጨምር። ዝናባችን እንደ ሌላው አገር ሰኔን ጠብቆ የሚመጣ አይደለም። ስለዚህ ብዙ ቤቶች በረንዳቸውን በሸራና በላስቲክ ዙሪያውን ይሸፍኑታል። «ውጭ ነው የምናስተናግደው» ይላሉ። አይደለም። አራቱም ጎን ከተሸፈነ ውጭ መሆኑ ቀርቷል፤ ቤት ሆኗል። ጣሪያው ይኑር፤ ዝናብ የሚመታበትን ጎን ብቻ ሸፍነው ሌላውን ይክፈቱ። ልጆቹ ሹራብ ይለብሳሉ። በአየር የሚነፋውን መዝለያና ሸርተቴውን ወደ ግቢው ያውጧቸው። ኬኩ ቤት ውስጥ ቢሆን ችግር የለም፤ ልጆች የሚያለከልኩት ሲዘሉ ነው።

ከኮሮናም ከማርበርግም በላይ እርስዎን ሊያሳስብዎት የሚገባው ኩፍኝ ነው። ይህን ማንም አይጠይቀኝም፤ ሳልጠየቅ እናገራለሁ። ኩፍኝ ከሚታወቁት ተላላፊ በሽታዎች ሁሉ ቀዳሚ ከሆኑት ነው። የያዘው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ አየሩ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። አገራችን ውስጥ በየጊዜው ይነሳል። የለመድነው ስም ስለሆነ ቀብድ የሚያስመልስ የለም። ክትባቱ በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል፤ ያውም በነጻ። ሁለተኛውን የሚረሱ ወላጆች ብዙ ናቸው። ልደት ሲያስይዙ «የ15 ወሩን አስከተባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስወጣዎትም።

መቼ ልዝጋ፣ መቼ ልክፈት ላሉት። የመንግሥት ትእዛዝ ካለ ትእዛዙ ነው፤ ክርክር የለውም። ትእዛዝ በሌለበት ግን የሰውን ፍርሃት መለኪያ አያድርጉት። ፍርሃት ሲጀምር ይበዛል፣ ሲከፋ ያንሳል። በ2013 ቤትዎ ጢም ማለቱ ደኅና ጊዜ መሆኑን አላሳየም። ይልቅ ይህን ይጠይቁ። በሽታው የሚዞረው በምንድን ነው? ጅማ ውስጥ ወይም ከጅማ ጋር ብዙ መመላለስ ባለበት ቦታ አለ ወይ? ሆስፒታላችን የመጣውን መቀበል ይችላል ወይ? ለመጨረሻው መልስ የሚሰጥዎት የሰፈርዎ ጤና ጣቢያ ነው። ሄደው ቢጠይቁ ይነግርዎታል። ፌስቡክ ላይ የሚዞረው ሌላ ነገር ነው። በ8335 ነጻ የስልክ መስመርም መረጃ ማግኘት ይቻላል።

ደግሞ መዝጋትና መክፈት እንደ መብራት ማጥፊያ አንድ ጊዜ ጠቅ የሚደረግ አይደለም። በትንፋሽ የሚዞር በሽታ ከመጣ መጀመሪያ የሚዘጋው ኳስ የሞላበት ጠባቡ ክፍል ነው። ቀጥሎ የቤት ውስጥ ልደት። መጨረሻ የሚዘጋው ግቢው ነው። ኬክ ለቤት መሸጥ ደግሞ ጨርሶ ላይዘጋ ይችላል። ሲከፍቱ ከኋላ ወደ ፊት ይምጡ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚችሉት ግማሹን ብቻ ያስገቡ፤ በሰዓት ከፋፍለው፣ አስቀድሞ በስልክ በማስያዝ። ሻንጋይ ላይ የሠራው ሂርማታ አጠገብም ይሠራል። አንድ የማውቀው የጭማቂ ቤት ባለቤት ወንበሩን በግማሽ ቀንሶ «12 ሰው ብቻ» ብሎ በር ላይ ጻፈ። አሥራ ሦስተኛው ሰው ሲመጣ «ሃያ ደቂቃ ይታገሱኝ» እያለ ይመልስ ነበር። ሁለት ሳምንት ተጎዳ። ከዚያ ግን ሰው ለጎረቤቱ የሚያወራው ያንን ሆነ። «ገንዘብ መለሰ እኮ!» ይሉ ነበር። የመጣ ደንበኛ ሲመልስ ዓይናቸው ያየውን ባለቤት ወላጆች ያምኑታል። ሙቀት መለኪያ ግንባር ላይ መደገን ይህን ያህል አያሳምንም። ልጁ ሳያተኩሰው በፊትም ሊያስተላልፍ ይችላልና ብዙም አያስጥልም።

ሠራተኞችዎስ? ጉንፋን የያዛት አስተናጋጅ የቀን ደመወዟ እንዳይቆረጥ ብላ ትመጣለች። እናትም ቀብዷ እንዳይቃጠል ብላ ያተኮሰውን ልጅ ታመጣለች። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። የቤቱ አሠራር ነው ታመው እንዲመጡ የሚገፋቸው። ይህን የሚቀይሩት እርስዎ ነዎት፤ ወጪውም ያን ያህል አይደለም። ለሠራተኛዎ በወር ሁለት የሕመም ቀን ይክፈሏት። ለወላጁ ደግሞ ቀኑን ያዛውሩለት። ሦስቱ ወላጆች ቀብድ መልሱልን ያሉትም ሌላ አማራጭ ስላልነበራቸው ነው። «እሺ፣ ለጥር እናዛውረው?» ቢሏቸው ኖሮ ሁለቱ እሺ ይሉ ነበር ብዬ እገምታለሁ። አሁንም ቢሆን ደውለው ይጠይቋቸው። ልጁ እኮ አሁንም ልደቱን ይፈልጋል።

ወረርሽኝ እስኪመጣ አይጠብቁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በር ላይ ይለጥፉት፤ በሁለቱም ቋንቋ፣ በትልልቁ፦ «ልጅዎን ካተኮሰው፣ ካሳለው ወይም ሽፍታ ከወጣበት ዛሬ አይምጡ፤ ይደውሉልን። ቀኑን እናዛውራለን። ቀብድዎ አይቃጠልም። የቤቱ ሕግ ነው።» ከሥሩ ስልክ ቁጥርዎን ይጻፉ። የመጀመሪያዋ እናት ስትደውል ደግሞ ስልኩን ራስዎ ያንሱት።